ከደጀ ሰላም እስከ ራንች

በጥር 1880 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ በሱዳን ድርቡሾች ድል ተመቱ። ድርቡሾቹ ውለው ሳያድሩ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ከሰይፍና ከምርኮ ያመለጠው ሕዝብ እግሩ ወደመራው ተበተነ። ጎጃምም መሸሻ ሆኖ አልቆየም፤ በሚቀጥለው ዓመት አፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተቃቅረው ሠራዊታቸውን ይዘው ገቡና አገሩን አስዘረፉት። በላዩ ላይ የከብት እልቂት መጣ፤ ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብም ተከተለ።

የዚያ ዘመን ተፈናቃይ መንግሥት ያቆመለት መጠለያ፣ በመዝገብ የሚታደል ስንዴ አያውቅም። የሚሄድበት ቦታ ግን ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያን። ጦር መጣ ሲባል ገበሬው እህሉንና የሚስቱን ጌጥ በደብሩ ዕቃ ቤት ያስቀምጣል፤ ሴትና ሕፃን ቅጥር ውስጥ ይገባል፤ የሚፈለግ ሰው ደወል ደውሎ ይማጸናል። ከጎጃም አድባራት እነመርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ በዚህ መጠጊያነታቸው የታወቁ ነበሩ። ምግቡ የሚወጣው ከደጀ ሰላም ነው። ደጀ ሰላም ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው የሚበሉባት፣ ሰንበቴው የሚጠጣባት፣ በበሩ አጠገብ ያለች ቤት ናት፤ የተረፈው ለነዳያን ይሰጣል። ጎጃሜ ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጁ ላይ ለቆመ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ መስጠትን ከልጅነቱ ይዞት ያደገ ነው፤ ስመ ጥሮቹ ቅኔ ቤቶች ስንት ዘመን የኖሩት በዚያ ቁራሽ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ የተራበ እንግዳን ለማብላት አዲስ ደንብ ማውጣት አላስፈለገም።

ይህ ሥርዓት ግን ሁለት ቀዳዳ ነበረው። የመጀመሪያው የሚሠራው የጦር አለቃው እግዚአብሔርን እስከፈራ ድረስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብዙም አይነገርም፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይከፋል። ደጀ ሰላም የሚያበላው ደብር ባለበት ነው። ከአገው ምድር ደጋ ወደ መተከል ቆላ በወረዱ ቁጥር አድባራቱ ይሳሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጉሙዞች ናቸው። የደጋው ሰው፣ አማራውም አገውም፣ ለባርነት እየዘመተ የፈነገላቸው እነዚሁ ጉሙዞች በተፈናቀሉ ጊዜ ደወል ደውለው የሚማጸኑበት ደጅ አልነበራቸውም። ይህ ነገር ከ130 ዓመት በኋላም በሌላ መልክ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጣሊያን ወለል አድርጎ ከፈተው። በግንቦት 1929 ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ተማሪዎች ሲያስፈጅ ቅጥርን የማክበር ልማድ በኢትዮጵያ ምድር አበቃ። ከዚያ በኋላ በአርበኛ አገር ቤተ ክርስቲያን መጠጊያ ብቻ ሳይሆን ከአውሮፕላን የሚታይ ዒላማም ሆነች፤ ሕዝቡ ዋሻና ዱር መረጠ። ዳንግላ የጣሊያን ጦር ሰፈር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲዘልቁ፣ የጣሊያን ጦር በየካቲት ዳንግላን፣ ቀጥሎም እንጅባራን ለቆ ወጣ። አምስቱ ዓመት ያፈናቀለው ሰው ወደየቀዬው ተመለሰ፤ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን መልሶ የሠራውም ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ ጉዳይ የሚተረክ ብዙ ነገር የለም። 1964 ላይ ግን ነገሮች ተከታትለው መጡ።

በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቋመች። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በዋና ጸሐፊያቸው በጉዲና ቱምሳ ፊታውራሪነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላኩ፤ ፍሬ ነገሩ «ነፍስንና ሥጋን ለይታችሁ አትርዱን» የሚል ነበር። የካቲት 19 ቀን 1964 ደግሞ የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ የአንያንያ ሸማቂዎች አዲስ አበባ ላይ ታረቁ፤ ያገናኟቸው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም እርቁን በብርቱ አግዘዋል። በጋምቤላ በኩል ገብቶ የነበረው የደቡብ ሱዳን ስደተኛም ወደ አገሩ መመለሻ መንገድ አገኘ። አብያተ ክርስቲያናት ጦርነት አስታርቀው ስደተኛ ወደ አገሩ እንዲገባ ሲያደርጉ በእኛ አካባቢ እንዲህ ጎልቶ የታየበት ሌላ ጊዜ አላውቅም።

በ1965 ሁለት ነገር ተጨመረ። ቃለ ዓዋዲ ወጣ፤ ደብሩን የሚያስተዳድረው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተወከሉበት ሰበካ ጉባኤ እንዲሆን ደነገገ። በወሎ ረኃብ ምክንያትም የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበር የተባለው የእርዳታ ድርጅቶች ኅብረት ተመሠረተ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለዘመናት የኖረችበትን መሬት በአንድ ቀን አሳጣት። ደጀ ሰላሙን የሚሞላው እህል ከዚያ መሬት ይመጣ ስለነበር፣ ደብሩ ሙዳየ ምጽዋትና የሰበካ ጉባኤ መዋጮ ላይ ቀረ። አዋጁ ለገበሬው ያደረገው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ እርዳታ ስናወራ ግን ይህን ቀን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ሺህ ሰው የሚበቃ እህል የሚኖራት ከውጭ ሲመጣላት ብቻ ነው። በ1971 ክረምት ደግሞ ደርግ ቀድሞ ከመንበራቸው ያወረዳቸውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ፤ ጉዲና ቱምሳም ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ። በ1964 ሥራውን በየፊናቸው የጀመሩት ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎቻቸውን በአንድ ክረምት አጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ጥልቁ ክፍል ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድበት።

በኤርትራ፣ በትግራይና በሰሜን ወሎ ጦርነቱ ሲፋፋም የተፈናቀለው ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በመንግሥት እጅ ባሉ ከተሞች ዳር ሰፈረ፤ ግማሹ በአማፅያን እጅ ባለ ገጠር ቀረ ወይም ወደ ሱዳን ተሻገረ። የመንግሥታቱ ድርጅት ያለ አዲስ አበባ ፈቃድ አማፅያን ወደያዙት መሬት አይገባም። ክፍተቱን የሞሉት የአውሮፓና የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በ1973 ካርቱም ላይ የአስቸኳይ እርዳታ ዴስክ የሚባል ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ፤ ጎልቶ የሚታየው የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ነበር፤ የሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም በመነሻው እጁ አለበት። ብድር በምድር ይሉት ይህ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ለሱዳኖች እርቅ የወረደላቸው በአብያተ ክርስቲያናት ጥረት ነበር።

ዴስኩ ገንዘብና እህል ያመጣል፤ የሚያከፋፍሉት የኤርትራ ተራድኦ ማኅበርና የትግራይ ተራድኦ ማኅበር ናቸው። መኪናዎቹ ከሱዳን ተነሥተው ድንበር የሚሻገሩት ከመሸ ነው። ሲነጋ ሾፌሩ መኪናውን ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል ጥግ ያስጠጋና ቅጠል ያለብሰዋል፤ ምክንያቱም የመንግሥት ሚግ አውሮፕላን ይመጣል። ስለዚህ ሥራ በአደባባይ አይወራም ነበር። ከለጋሾቹ በርካቶቹ አዲስ አበባ ውስጥም አጋር ቤተ ክርስቲያን አላቸው፤ ካርቱም የሚያደርጉት በጋዜጣ ቢወጣ አዲስ አበባ ያለው አጋራቸው ዋጋ ይከፍላል። ደርግ አያውቅም ነበር ማለት የዋህነት ነው፤ ሁለቱም ወገን ሳያይ ማለፍን መርጧል ቢባል ይቀላል።

በመንግሥት ወገን ደግሞ በ1977 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ ተጣምረው አንድ የእርዳታ ኅብረት መሠረቱ። ጥቂት ቆይታ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ገባችበትና የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ የእርዳታ አጋርነት ሆነ። ይህን ዛሬ ላይ ሆኖ ቀላል አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እነዚህ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አብረው አይቀድሱም፤ በየገጠሩም «ምእመኔን ወሰድክብኝ» የሚለው ክርክር አልበረደም ነበር። ስንዴው አንድ መጋዘን ሲገባ ግን ማን የማን እንደሆነ መለየት ቀረ።

የካቲት 1981 ላይ መቀሌ ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ ዓመት ቆይቶ በየካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። መንግሥት በቀይ ባሕር ላይ የቀረው ትልቅ ወደብ አሰብ ሆነ። ትግራይና ሰሜን ወሎ ውስጥ ያለው የተራበ ሰው ደግሞ ከጦር ግንባሩ ማዶ ነው። አጋርነቱ ያኔ ከሁለቱም ተፋላሚ ጋር ተደራድሮ ደቡባዊ መስመር የተባለውን መንገድ ከፈተ። ስንዴው አሰብ ይራገፋል፤ ደሴ መጋዘን ይገባል፤ ከደሴ የተጫነው መኪና የመንግሥትን የመጨረሻ ኬላ አልፎ ኢሕአዴግ ወደያዘው መሬት ይዘልቃል። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ጆንያው ነገ ለሚተኩስበት ሰው እናት እንደሚሄድ ያውቃል። ሆኖም መኪናው ያልፋል። በ1983ም የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከሁለቱም ወገን ጋር ተስማምቶ የምጽዋ ወደብ ለእርዳታ እህል እንዲከፈት አደረገ።

የደሴው መኪና ለምን አለፈ? ጳጳሳቱና ቄሶቹ ከዲፕሎማቶቹ ስለሚበልጡ አይደለም። ከግንባሩ ወዲህም ወዲያም ምእመን ስላላቸው ነው። ከደሴ የሚነሣው እህል ማዶ ሲደርስ የሚቀበለው ያው ደብር፣ ያው ሰበካ ነው። አንድ መንግሥት ይህን መሰል ነገር በገንዘብ አይገዛውም። አብያተ ክርስቲያናት ለተፈናቃይ የሚሰጡት ትልቁ ነገር ስንዴው ሳይሆን ይህ በሁለቱም በኩል መገኘታቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሲያጡትም ምን እንደሚሆን በኋላ እናያለን።

ጎጃም በዚያ ዘመን ከግንባሩ ራቅ ያለ ነበር። ለመተከል የመጣው ሌላ ዓይነት መፈናቀል ነው። በ1977 እና በ1978 ደርግ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሺህ ሰው እየጫነ ፓዌ ላይ አሰፈረ፤ የጣሊያን መንግሥት በጣና በለስ ፕሮጀክት ረዳ። የጉሙዙ መሬት ተወሰደ። ሰፋሪው ሃይማኖቱን ይዞ ነው የመጣው፤ የወሎው ሰው ታቦቱንና መስጊዱን፣ የከምባታና የሐዲያው ሰው የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ጸሎት ቤቱን። በኋላም የኮምቦኒ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ግልገል በለስ፣ እህቶቻቸው ማንዱራ ገቡና በጉሙዞች መካከል ክሊኒክና መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ፤ መካነ ኢየሱስም በጉሙዙ ዘንድ ምእመናን አፈራች። ደጀ ሰላም ባልነበረበት አገር ሌላ ዓይነት ደጅ ተከፈተ።

ደርግ ወድቆ የክልል ካርታ ሲሠራ አገሩ ተከፈለ። ቻግኒ በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዳንግላ ደግሞ የአገው ምድር አውራጃ። አሁን ቻግኒ አማራ ክልል፣ አዊ ዞን፣ ጓንጓ ወረዳ ውስጥ ቀረች፤ የቀረው መተከል ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሆነ። ቡለን ወይም ማንዱራ ያለ ሽማግሌ ግን ዳኝነት ፍለጋ ቻግኒ የወጣበትን ዘመን አልረሳም፤ ገበያውም፣ ዘመዱም፣ የነፍስ አባቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ካርታ እንደ ክልሉ አልተቆረጠም። በ2007 የተቋቋመው የባሕር ዳር ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት አዊንም መተከልንም በአንድ ጳጳስ ሥር ይዟል።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ዓመታት፣ ከ1990 እስከ 1992፣ በአዊ በኩል በዘማች ልጅና በመርዶ እንጂ በተፈናቃይ አልታዩም። ለታሪኩ የሚቀረው በኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ተራድኦ አገናኝነት የሁለቱ አገር የሃይማኖት መሪዎች ጦርነቱ ሳያልቅ ኦስሎ ላይ ፊት ለፊት መቀመጣቸው ነው። የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኑ በበኩሉ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር እየሠራ የጎረቤት አገር ስደተኞችን ሲረዳ ቆይቷል፤ ከተረጂዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው።

ሚያዝያ 2011 ላይ እሳቱ ደጃፍ ደረሰ። በዳንጉር ወረዳ የተነሣው ግጭት ወደ አዊ ዞን ጃዊ ወረዳ ተሻገረ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ጃዊ ላይ ከተገደሉት የሚበዙት ጉሙዞች ነበሩ። አማራው፣ አገውና ሺናሻው ከመተከል ሲሸሽ ጉሙዙ ከጃዊ ሸሸ። ይህን የምጠቅሰው ቀጥሎ ያለው ታሪክ የአንድ ወገን ሰቆቃ ተደርጎ እንዳይነበብ ነው።

ከ2012 ክረምት ጀምሮ መተከል ውስጥ ግድያው አልቆም አለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ሌሊቱ ሳይነጋ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ቤት እያቃጠሉ የተኛ ሰው ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዕለት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሰው ተሞላ። በጥቂት ወራት ከቀዬው የወጣው ከ100,000 በላይ ሆነ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ቻግኒ አመሩ።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ቻግኒ ይደርሳል፤ ከቻግኒ ማንዱራን፣ ግልገል በለስን እያለ እስከ ጉባ፣ እስከ ሕዳሴው ግድብ ይሄዳል። ለግድቡ ሲሚንቶና ብረት የሚያመላልሰው መንገድ ተፈናቃይ ማመላለስ ጀመረ። ቻግኒ አጠገብ ራንች የሚባል ሰፊ ቦታ አለ፤ የፎገራ ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር የሚዳቀልበት የመተከል ከብት እርባታ ነው። መንግሥት ተፈናቃዩን እዚያ አሰፈረ። ለጊደር በታጠረው መስክ ላይ ሸራና ላስቲክ ተወጠረ፤ ስሙም ራንች መጠለያ ተብሎ በዜና ታወቀ።

ሸራው ግን በአንድ ቀን አልመጣም። በመካከል ያሉትን ቀናት የያዘው የቻግኒ ሰው ነው። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። የጾም ወጥ ለመቶና ለሁለት መቶ ሰው መሥራት ለሰንበቴና ለዕድር ሴቶች እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ድስቱም፣ ጉልቻውም፣ ማን ምን ያመጣል የሚለው ደንብም በየሰፈሩ አለ። ሽሮው ይበጠበጣል፤ እንጀራው በመሶብ ይሰበሰባል፤ ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ደጋም ድንቹንና በሶውን ያወርዳል። ከእንጅባራ፣ ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳርም ልብስና እህል እየተሰበሰበ ተጫነ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቤት ለቤት ዞሩ፤ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራት ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያሉ የኢትዮጵያ አጥቢያዎችም ከቅዳሴ በኋላ አዋጡ። ወንጌላውያኑና ካቶሊኮቹም በየበኩላቸው የቻሉትን አመጡ።

ልኩን መናገር ያስፈልጋል፤ ራንች ላይ ለወራት ራሽን ያቀረቡት መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ናቸው። የአጥቢያው እጅ ኃይሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና በመዝገብ በማይገባው ነገር ላይ ነው። ዘመድ ቤት የተጠጋ ተፈናቃይ፣ እንደ ሌላውም ቦታ፣ ስሙ በመጠለያው መዝገብ ስለማይሰፍር ስንዴው ያልፈዋል፤ ቀብር፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ አርባ፣ እነዚህም በየትኛውም ድርጅት በጀት ውስጥ የሉም። ራንች ውስጥ የሞተ ሰው በማን መቃብር ይቀበራል? ማን ይፈታዋል? እርዳታ ሰጪዎች ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፤ ለሐዘንተኛው ግን ከክክና ከዘይቱ በፊት የሚመጣው ይኸው ነው።

እዚህም ሁለተኛው ቀዳዳ ዳግም ታየ። ራንች የገባው አማራው፣ አገውና ሺናሻው ነው። በዚያው ሰሞን በታጣቂና በወታደር መካከል የገባው የጉሙዝ ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጫካ ገባ፤ ቻግኒ ብቅ ማለት አይችልም፤ ማንም አይለየውም፤ ታጣቂ ይመስላል። የደብሩ መረብ ምእመኑን ተከትሎ ስለተዘረጋ እርሱ ዘንድ አልደረሰም። ወደ እርሱ ሊደርስ ይችል የነበረው የሚሲዮኑና የመካነ ኢየሱስ መረብ ነው፤ እርሱንም ጦርነቱ በጥሶታል። የቻግኒን ሰው ደግነት ማንም አይክደውም። አብረው ጎረቤት ከነበሩት ሁለት ተፈናቃዮች አንዱ ብቻ ደጅ እንዳገኘ ግን ታሪኩ ውስጥ መግባት አለበት።

ከራንች ሰዎች ብዙዎቹ በ2013 መጨረሻና በ2014 ወደ መተከል ተመለሱ። መመለሳቸው በሰላም ስምምነት ብቻ አልነበረም፤ ሰሜኑ እየነደደ የእርዳታው ዓይን ወደዚያ ዞሮ ነበር። በጥቅምት 2013 የጀመረው የትግራይ ጦርነት በ2013 ክረምት ወደ ወሎ ወርዶ፣ በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ፣ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም ሰው አደረበት።

በ1982 በደሴ በኩል ያለፈው ዓይነት መኪና ግን በዚህኛው ጦርነት አልታየም። አብያተ ክርስቲያናት አልነበሩም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በገንዘብም በባለሙያም ከያኔው የተሻሉ ነበሩ። የጎደለው ያ በሁለቱም በኩል መገኘት ነው። በጦርነቱ መካከል የትግራይ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ሲኖዶሱ ሕዝባችን ሲያልቅ ዝም ብሏል ብለው መንበረ ሰላማን አቁመው ተለዩ። ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በ2013 ስለ ትግራይ የተናገሩት ቪዲዮ ቤተ ክህነቱን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ግንባሩ በቤተ መቅደሱ መሐል አለፈ፤ ለእርዳታ የምታደራድር ቤተ ክርስቲያን ራሷ አደራዳሪ ፈለገች። ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ስምንት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 2015፣ ፓትርያርኩና ልዑካናቸው ይቅርታና ለተፈናቃዮች የሚሆን ገንዘብ ይዘው መቀሌ ሄዱ። ገንዘቡን ጊዜያዊ አስተዳደሩ ተረከበ፤ የትግራይ አባቶች ግን ሊቀበሏቸው አልወጡም፤ በዚያው ወር አክሱም ላይ የራሳቸውን ጳጳሳት ሾሙ።

አማራ ክልልም እፎይ ሳይል ወደ ሌላ ጦርነት ገባ። የክልል ልዩ ኃይሎች ይበተናሉ በተባለበት ሰሞን፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2015፣ ሁለት የካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ ሠራተኞች ቆቦ አቅራቢያ መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ። ሰኔ ላይ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህሉ እየተሰረቀ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ሐምሌ 28 ቀን በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከሱዳን ጦርነት የሸሸው ስደተኛ በመተማ እየገባ ኩመርና አውላላ በሰፈረበት ዓመት፣ ስደተኛውን የሚቀበለው አገር ራሱ መንገዱ ተዘጋ። ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በእንጅባራ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተሽከርካሪ የማያልፍበት ሆነ። ቀድሞ ለመተከሉ ተፈናቃይ ድንችና በሶ ያወረደው ደጋ ራሱ ልጆቹን ዘመድ ቤት የሚያሸሽ አገር ሆነ።

ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ አዲሱ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። በካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ አስተባባሪነት በአማራና በሌሎች ክልሎች ስንዴ፣ ክክና ዘይት ሲያድል የኖረው የጋራ የአስቸኳይ ጊዜ ፕሮግራም የተመሠረተው በአሜሪካ እህል ላይ ነበር። የኦርቶዶክሱ ኮሚሽንም፣ የመካነ ኢየሱሱም፣ የካቶሊኩም በጀታቸው በአብዛኛው የሚመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናትና ከመንግሥታቱ ነበር፤ ከየካቲት 1967 እስከዚያ ድረስ ይህ አልተለወጠም። የገጠሩ ደብር ደግሞ መሬት የለውም፤ ያለው ሙዳየ ምጽዋቱ፣ ሰንበቴውና ሰበካ ጉባኤው ነው። ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤውን ነዳያንንና ችግረኞችን እንዲረዳ ያዘዋል፤ በምን እንደሚረዳ ግን እያንዳንዱ ደብር በየዓመቱ እንደ አቅሙ ሲወስን ኖሯል። በአዊ ገጠር ከጦርነቱ ወዲህ ያ ውሳኔ የሚሰጠው፣ መዋጮ ከፋዩ ገበሬ ራሱ ማዳበሪያ ባጣበትና ገበያ መውጣት በሚፈራበት ጊዜ ነው።